የ18ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያ መሳፍንት የቤተሰብ ሥዕል፦ በዘይት ቀለም ከንድፍ እስከ ቫርኒሽ

በዚህ ዓይነት ሥዕል የሚሰናከሉት ሰዓሊያን አብዛኞቹ ፊት መሣል የሚቸግራቸው አይደሉም። አንድ ሰው ብቻውን ሲቀመጥላቸው አመሳስለው ይሥላሉ፤ አምስት ሰው በአንድ ሸራ ላይ ሲሰበሰብ ግን ሥራው አምስት ጉርድ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ይመስላል። ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፊቱን አስቀድመው ቡድኑን ስለሚያስከትሉ የቡድኑ ብርሃን ሳይወሰን ይቀራል። ከዚህ በታች ካሉት አሥር ደረጃዎች አምስቱ በሸራው ላይ አንድም ፊት በቀለም ሳይነካ የሚያልፉ ናቸው፤ ብዙዎች የሚዘልሏቸውም እነዚሁ ስለሆኑ ረዘም አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ።

መመሪያው በዘይት ቀለም ቢያንስ ጥቂት የነጠላ ሰው ምስሎችን ለሠራ ሰው የተዘጋጀ ነው። ልኩ የተሰጠው ሙሉ ቁመናቸው ለሚታይ አምስት ሰዎች፣ ማለትም ለሦስት አዋቂዎችና ለሁለት ልጆች ነው። በየደረጃው ያለውን የማድረቂያ ጊዜ ጨምሮ፣ ከቫርኒሽ በፊት ያለውን ጥበቃ ሳይጨምር፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ይመድቡ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

ሸራው 127 በ102 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ በዘመኑ የብሪታንያ ሰዓሊያን «ግማሽ ቁመት» እያሉ የሚጠሩት ባለ 50 በ40 ኢንች መደበኛ ልክ ነው፤ እነርሱ ለአንድ ሰው አቁመው ይጠቀሙበት ነበር፤ እርስዎ ግን አጋድመው ይወጥሩታል። እንደ መሳፍንቱ ታላላቅ ሥዕሎች ሰውን በተፈጥሮ ልኩ ለመሥራት አይነሡ፤ ያ ሦስት ሜትር ሸራና ከፍ ያለ ጣሪያ ይጠይቃል።

ቀለሞቹ ጥቂት ናቸው፦ ነጭ፣ የሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ኔፕልስ የሎ (ፈዛዛ ቢጫ)፣ ላይት ሬድ (የሸክላ ቀይ)፣ አንድ ደማቅ ቀይ፣ አንድ አሳላፊ ጥቁር ቀይ፣ በርንት አምበር (ጥቁር ቡኒ)፣ ፕራሺያን ብሉ (ጥልቅ ሰማያዊ) እና አይቮሪ ብላክ (ጥቁር)። የዘመኑ ነጭ ከእርሳስ፣ ደማቁ ቀይ ቨርሚሊየንም ከሜርኩሪ የሚሠሩ በመሆናቸው መርዛማ ናቸው፤ በቲታኒየም ነጭና በካድሚየም ቀይ ይተኳቸው፤ ካድሚየምም ቢሆን ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ብናኙ ይጎዳልና አይፋቁት።

ዘይቱ ለሥዕል ተብሎ የተጣራ የተልባ ዘይት ይሁን። ለምግብ ከተቆላ ተልባ የወጣ ወይም ከሌላ ዘይት ጋር የተደባለቀ የገበያ ዘይት ሸራ ላይ አይግባ፤ ይጠቁራል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይደርቅም። በተጨማሪ ተርፔንታይን፣ ጠፍጣፋ የአሳማ ጠጉር ብሩሾች፣ ሁለት ለስላሳ ብሩሾች፣ አንድ መስታወትና ልብስ የሚለብስ የሰው ቁመት ያለው አሻንጉሊት ያስፈልግዎታል።

*ማስጠንቀቂያ፦* የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቆቹን ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁ፤ ወይም ውኃ ባለበት ክዳናማ የብረት ዕቃ ውስጥ ይክተቱ። ተርፔንታይን ሲጠቀሙም መስኮት ይክፈቱ።

ደረጃ 1፦ አሥርት ዓመቱን ይወስኑ

«18ኛው ክፍለ ዘመን» አንድ ልብስ አይደለም። በ1740ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የሴቶቹ ቀሚስ በወገብ በኩል በቀለበት ተወጥሮ ወደ ጎን ይሰፋል፤ በ1770ዎቹ ፀጉራቸው ወደ ላይ ተቆልሎ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ በ1780ዎቹ ስስ ነጭ ቀሚስ በሰፊ መቀነትና ሰፊ ባርኔጣ ይመጣል። የወንዶቹ የውስጥ ሰደርያ ደግሞ ዓመታቱ በገፉ መጠን እያጠረ ይሄዳል። የ1740ዎቹን ቀሚስ ከ1770ዎቹ ፀጉር ጋር ያዋሐደ ሥዕል ቲያትር ቤት ይመስላል።

ትናንሽ ወንዶች ልጆች እስከ አራት ወይም እስከ ሰባት ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ቀሚስ ይለብሱ ስለነበር፣ በዋቢነት የሚያዩት ሥዕል ላይ ቀሚስ የለበሰን ሕፃን ሁሉ ሴት ናት ብለው አይቁጠሩ።

መውጫ መንገድም አለ። ጆሃን ዞፋኒ በ1760ዎቹ መጨረሻ የሰር ዊሊያም ያንግን ቤተሰብ ሲሥል ያለበሳቸው የዘመናቸውን ልብስ ሳይሆን ከመቶ ዓመት በፊት ቫን ዳይክ ይሥለው የነበረውን የሐርና የዳንቴል ልብስ ነው። ልማዱ በጊዜው የታወቀ ነበርና ፋሽን መቁጠር የሚያስቸግረው ሰው ይህን ቢመርጥ ያዋጣዋል።

ደረጃ 2፦ ብርሃኑንና ቡድኑን በትንሹ ይንደፉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጡት ለዚህ ደረጃ ነው። በመዳፍ ልክ ከስድስት እስከ አሥር ንድፎችን በከሰል ይሥሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ድምቀት ብቻ ይጠቀሙ፦ ብርሃን፣ መካከለኛ፣ ጥላ። ዓይን፣ አፍንጫና ቁልፍ አይግቡ።

የዘመኑ ስመ ጥር እንግሊዛዊ ሰዓሊ ጆሹዋ ሬይኖልድስ በወጣትነቱ ጣሊያን ሳለ የቬኒስ ሰዓሊያንን ሥራ ያጠናው በዚሁ መንገድ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ የሥዕሉን ብርሃንና ጥላ ብቻ ያጠቁርበት ነበር። ያገኘው ልክ ከሥዕሉ ከሩብ የማይበልጠው ብርሃን፣ ሌላው ሩብ የጠቆረ ጥላ፣ የቀረው ግማሽ መካከለኛ መሆኑን ነው። ንድፍዎን በዚህ ልክ ይመዝኑት። ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ሲያዩት ብርሃኑ በአምስት ቦታ ተበታትኖ አምስት ነጭ ነጥብ ከሆነ ይጣሉትና ሌላ ይንደፉ። ዋናው ብርሃን አንድ ሆኖ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን በአንድነት መያዝ አለበት፤ የቀሩት በመካከለኛው ውስጥ ይቁሙ። አባትየው በጥላ ውስጥ ስለሆነ ክብሩ የቀነሰ እንዳይመስልዎ።

ለቡድን አሰካክ ሬይኖልድስ በ1777 እና በ1778 የሠራውን የአራተኛውን የማርልቦሮ መስፍን ቤተሰብ ሥዕል ያጥኑ፤ ሥዕሉ የሚገኘው ኦክስፎርድሺር ባለው የብሌንሃይም ቤተ መንግሥት ነው። ባልና ሚስት፣ ስድስት ልጆችና ውሾች አሉበት፤ ሆኖም ዓይን አይደናገርም፤ ምክንያቱም ሰዎቹ በትናንሽ ቋጠሮዎች ተከፋፍለው እያንዳንዱ ቋጠሮ የራሱ ጉዳይ አለው። የከበሩ ድንጋዮች ሰብሳቢ የነበረው መስፍን ምስል የተቀረጸበት ድንጋይ በእጁ ይዟል፤ ወራሹ ልጅ የድንጋዮቹን መያዣ ሣጥን ይዞ አጠገቡ አለ፤ ፊት ለፊት ደግሞ አንዲት ልጅ ጭምብል ይዛ ታናሽ እኅቷን ታስፈራራለች።

ከዚህ በመነሣት እንዲህ ያድርጉ፦

1. አምስቱን ሰዎች ሁለትና ሦስት አድርገው ይከፋፍሏቸው።
2. ሁለቱን ቋጠሮዎች በአንድ እጅ፣ በአንድ እይታ ወይም በአንድ ውሻ ያገናኟቸው።
3. ወደ ተመልካቹ የሚያዩት ከሁለት አይብለጡ።
4. የራሶቹ ከፍታ በአንድ መስመር አይሰለፍ፤ የሚቀመጥ፣ የሚቆምና የሚንበረከክ ይኑር።
5. የተመረጠውን ንድፍ 25.4 በ20.4 ሳንቲ ሜትር አድርገው በጥንቃቄ ይድገሙት፤ ይህ የሸራው አምስተኛ እጅ ነው።

*ሲበላሽ፦* ሁሉም ሰው ለፎቶግራፍ የተሰለፈ ከመሰለ አንዱን አዋቂ ጀርባውን ወይም ጎኑን እንዲሰጥ ያድርጉ። ከዚህ የሚፈጥን መድኃኒት አላገኘሁም።

ደረጃ 3፦ ሸራውን ያዘጋጁ

ሸራውን ወጥረው ሦስት ጊዜ ጄሶ (ለሥዕል ሸራ መነሻ የሚሆነውን ነጭ ቅብ እንጂ የግንባታውን አይደለም) ይቀቡ፤ በየመካከሉ ሲደርቅ በስስ የብርጭቆ ወረቀት አፍዎን ሸፍነው ይሙረዱት። ከዚያ ትንሽ በርንት አምበር፣ ጥቁርና ነጭ በተርፔንታይን አቅጥነው መካከለኛ ግራጫ ቡኒ ይቀቡት። ነጭ ሸራ ላይ አይጀምሩ፤ የሚያኖሩት መካከለኛ ቀለም ሁሉ ጥቁር ይመስልዎትና ሥዕሉ ሲያልቅ የገረጣ ይሆናል። ሳምንት ይተዉት።

ደረጃ 4፦ ፊቶቹን በተናጠል፣ በአንድ ብርሃን ያጥኑ

የዚያ ዘመን ቤተሰቦች በአንድ ጊዜ ተሰብስበው አይቀመጡም ነበር፤ ሰዓሊው እያንዳንዱን ሰው በየቀጠሮው ያጠና ነበር። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ነገር ግን መስኮቱ፣ የወንበሩ ቦታና ሰዓቱ አይለዋወጡ። የወንበሩን እግሮች ቦታ በወለሉ ላይ በማጣበቂያ ፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ብርሃኑ ከግራ፣ ከራስ ከፍ ብሎ ይምጣ። የእያንዳንዱን ራስ አዙሪት ከደረጃ 2 ንድፍ ላይ ይውሰዱ፤ ሰውየው ደስ እንዳለው አይዙር።

የብሪታንያ ሰዓሊያን ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት የሚመርጡት ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባበት ነው። አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ግን ይህ ምክር ዓመቱን ሙሉ አይሠራም፤ በግምት ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለችና ወይ መስኮቱን በነጭ ስስ ጨርቅ ይጋርዱ፣ ወይም በእነዚያ ወራት የደቡቡን መስኮት ይጠቀሙ።

ከፎቶግራፍ የሚሠሩ ከሆነ ካሜራውን ከሦስት ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ በተቀማጩ ዓይን ከፍታ ያቁሙት። በቅርብ የተነሣ ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፤ ጆሮን ይሰውራል፤ አምስት ሰው በአምስት የተለያየ ርቀት ከተነሣ ደግሞ በኋላ ምንም ዓይነት ቀለም አያስታርቃቸውም።

*በሕይወት የሌለ ሰው ካለ፦* ዊሊያም ሆጋርት በ1732 የቾምሊ ቤተሰብን ሲሥል እናትየው ሞታ ነበር፤ ከባሏና ከልጆቿ ጋር አስቀምጧት፣ ከበላይዋ ክንፍ ያላቸውን ሕፃናት በማኖር ሁኔታዋን አመለከተ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልዎ የሟቹን ምስል አስቀድመው ያግኙ፤ በዚያ ምስል ላይ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ይዩና ሕያዋኑን ሁሉ በዚያው አቅጣጫ ያስቀምጡ። ሟቹ ለእርስዎ ብርሃን አይዞርልዎም። ፎቶውን በመገልበጥ ለማስተካከል አይሞክሩ፤ የፀጉር ክፍልና የአዝራር ወገን ይገለበጣል፤ ዘመድ ሲያየው «እሱን አይመስልም» ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርዎም።

ደረጃ 5፦ ልኩን አስልተው ወደ ሸራው ያስተላልፉ

ንድፉ ላይ ባለ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ሸራው ላይ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ካሬዎችን በከሰል ያስምሩና ካሬ በካሬ ያስተላልፉ።

ከፊት የቆመ አዋቂ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው፤ ራሱ ከ9 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል። እዚህ ላይ የሚደጋገመው ስሕተት የልጆቹ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ቁመቱ አምስት ራስ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ሸራ ላይ 42 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሲኖረው ራሱ ከ8 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል። አዋቂን በማሳነስ ልጅ ለመሥራት የሞከረ ሰው ድንክ ሽማግሌ ያገኛል።

ቀለም ከመንካትዎ በፊት ሥራውን በመስታወት ይዩት፤ የተዛባ ራስ ወዲያው ይጋለጣል። መስመሩን በቀጭን አምበር ካጸኑ በኋላ ከሰሉን አራግፉት።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ቅብ

በነጭ፣ በጥቁር፣ በኦከርና በላይት ሬድ ብቻ፣ በትልቅ ብሩሽ፣ ሸራውን በሙሉ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይሸፍኑ። ቀለሙ በተርፔንታይን የቀጠነና ዘይቱ ያነሰ ይሁን። የገላ ጥላዎችን ቀዝቀዝ ባለ ግራጫ ያኑሩ፤ ሙቀቱ በኋላ ከላይ ይመጣል።

ሌላው የዘመኑ ታላቅ ሰዓሊ ቶማስ ጌንስቦሮ አጠቃላይ ብርሃኑንና ጥላውን ለመያዝ ክፍሉን አጨልሞ ይጀምር ነበር። እርስዎም መጋረጃውን ግማሽ ድረስ ይዝጉና ይሥሩ፤ ዝርዝር ስለማይታይ እጅዎ ወደ ዓይንና ወደ ከንፈር አይሮጥም። በዚህ ቅብ ፍጻሜ ሥዕሉ ከአራት ሜትር ርቀት ቡድን መምሰል አለበት፤ ካልመሰለ የፊቶቹ መሣል አያድነውምና ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያድርቁ።

ደረጃ 7፦ ፊቶቹና እጆቹ

ሕጉ አንድ ነው፤ አምስቱም ፊቶች አብረው ያድጋሉ። በመጀመሪያው ቀን የአምስቱን ግንባር፣ በቀጣዩ የአምስቱን ጉንጭ እያሉ ይሂዱ። እኔ የመጀመሪያውን የቤተሰብ ሥዕሌን ስሠራ የአባትየውን ፊት ለብቻው ጨርሼ ኮራሁበት፤ ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው አራቱ አጠገቡ ያልታጠቡ መሰሉ፤ በመጨረሻ የፋቅኩት የእርሱን ነው።

የገላውን ቀለም ለሁሉም ከአንድ ፓሌት (የቀለም መቀላቀያ ሰሌዳ)፣ በአንድ ጊዜ ቀላቅለው ያዘጋጁ፦ አንድ ለብርሃን፣ ሁለት ለመካከለኛ፣ አንድ ለጥላ። ልዩነቱን በጥቂት ጭማሪ ያምጡ፤ ለልጆቹ ትንሽ ቀይ፣ ለአዋቂ ወንዶች ትንሽ ኦከር። ቲታኒየም ነጭ ኃይለኛ ስለሆነ ገላን ኖራ ያስመስላል፤ ከመጠቀምዎ በፊት በኔፕልስ የሎ ያለዝቡት።

*ፊቱ የተለጠፈ ከመሰለ፦* ጠርዙን ይዩ። በጥላው በኩል ያለው የፀጉርና የጉንጭ ጠርዝ ከጀርባው ጋር መቅለጥ አለበት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያልስልሱት።

*ቀለሙ ደርቆ ከደበዘዘና ጥልቀቱ ከጠፋ፦* ዘይቱን የታችኛው ቅብ መጥጦታል። በጨርቅ እጅግ ስስ የተልባ ዘይት አብሰው ትርፉን በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ይህን ሳያደርጉ ቀለሙን ለማስተካከል ከጀመሩ ያልጠቆረውን ያጠቁራሉ።

ደረጃ 8፦ ልብሱን ከሰው ለይተው ይሥሩ

የሐር እጥፋት ሰው ሲተነፍስ ይለወጣል። በ1740ዎቹ እነ አለን ራምሴና ቶማስ ሃድሰን ፊቱን ሠርተው ልብሱን ጆሴፍ ቫን ኤከን ለተባለ የልብስ ሰዓሊ ይሰጡ የነበረው ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ በመሆኑ ነው። ልብሱን አሻንጉሊቱን አልብሰው፣ በደረጃ 4 ምልክት ባደረጉበት ቦታ፣ በዚያው መስኮት ብርሃን ያቁሙት። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይንካው። ትከሻውን ግን ከሕያው ሰው ያርሙ፤ የዚያው ዘመን ሰዓሊ የአርተር ዴቪስ ምስሎች አሻንጉሊት የሚመስሉት በአሻንጉሊት ላይ ብዙ በመደገፉ ነው።

ሐር ከጥቁር ወደ ብርሃን በድንገት ይዘላል፤ መካከሉን አያለስልሱት። ከፋይ በተቃራኒው ፊቱ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ላይ ያበራል። ስስ ነጭ ቀሚስ አብዛኛው ግራጫ ነው፤ ንጹሑን ነጭ ለሦስት ወይም ለአራት ቦታ ብቻ ያስቀሩ። ዳንቴልን ቀዳዳ በቀዳዳ አይቁጠሩ፤ ግራጫ ቀብተው ጥቂት ወፍራም ነጭ ነጥቦች ያኑሩበት።

ፕራሺያን ብሉ የሰናፍጭ ፍሬ በምታክል መጠን ይጀመር፤ ከዚያ የበለጠው ፓሌቱን ሁሉ ይወርሳል። ሬይኖልድስ በ1778 ለንደን ላለው የሥነ ጥበብ ተቋም ለሮያል አካዳሚ ተማሪዎች ባደረገው ንግግር ዋናው ብርሃን ሞቃት ቀለም ይያዝ፣ ሰማያዊው በጥቂቱ ያግዘው ሲል አስተምሯል። ጌንስቦሮ ሰማያዊውን በመካከል ያኖረበት ሥራ አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግን የሬይኖልድስን መንገድ ቢይዝ ይሻለዋል።

ደረጃ 9፦ ጀርባውና አሳላፊው ቅብ

ዓምድ፣ ቀይ መጋረጃና ሩቅ መናፈሻ የዘመኑ ልማድ ናቸው። ሦስቱንም አንድ ላይ አይጨምሩ፤ በዚህ ሸራ ልክ ሁለት ይበቃሉ። የመናፈሻው አድማስ ከቆሙት ሰዎች ወገብ አካባቢ ዝቅ ይበል፤ ሰዎቹ ቁመት የሚያገኙት ከዚያ ነው።

ከሦስት ሳምንት ማድረቅ በኋላ በዘይት የቀጠነ አሳላፊ ቀለም ያኑሩ፤ ቀዩን መጋረጃ በጥቁር ቀይ፣ ጥላዎቹን በአምበር ያጥልቋቸው። እዚህ ላይ ሬይኖልድስን አይከተሉ። የተጠቀመበት ከነፍሳት የሚወጣ ቀይ ብርሃን ስለማይችል የብዙ ምስሎቹ ጉንጭ ገርጥቷል፤ አንዳንዶቹም ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ነው የገረጡት። ሰም፣ ሙጫና ቅጥራን እየቀላቀለ የሠራቸው ጥላዎችም ተሰነጣጥቀዋል። እርስዎ ብርሃን የሚችለውን ኩዊናክሪዶን ቀይ ይግዙ፤ ጥቁር ጥላ ለማግኘትም ቅጥራን ያለበትን ቀለም አይንኩ።

*አሳላፊው ቅብ ከከበደ፦* ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። ከደረቀ በኋላ በተርፔንታይን ማንሣት የታችኛውን ፊት ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ከላዩ በቀጭን ግራጫ ማለዘብ ይሻላል።

ደረጃ 10፦ ቫርኒሽ

ቢያንስ ስድስት ወር ይጠብቁ፤ ቀለሙ ወፍራም በሆነበት ቦታ ዓመት ይሁን። ለማወቅ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ተርፔንታይን በነካ ንጹሕ ጥጥ ቀስ ብለው ያብሱ፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ጊዜው ገና ነው። ከደረሰ ሸራውን አጋድመው አቧራውን ይጥረጉ፤ ቫርኒሹን በሰፊ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ይቀቡና በሮቹን ዘግተው ከክፍሉ ይውጡ። ደንበኛው ከዚያ በፊት ከቸኮለ ሥዕሉን ያለ ቫርኒሽ ይስጡትና በዓመቱ መልሶ እንዲያመጣው ቀጠሮ ይያዙ።